የካምፓልዲኖ ውጊያ በአሸዋ ገበታ ላይ፦ ለባሕር ዳር የታሪክ ክበቦች የተዘጋጀ መመሪያ

የጣልያን ከተሞች በመካከለኛው ዘመን እርስ በርስ ያደረጓቸው ውጊያዎች በመማሪያ መጽሐፍ ሲነበቡ የስምና የዓመት ዝርዝር ሆነው ይቀራሉ። ፍሎረንስ አሸነፈች፣ አሬዞ ተሸነፈች፣ ጳጳሱ ወደቀ፤ ለምን እንዲያ ሆነ የሚለው አይታይም። ተማሪው የሚገባው መሬቱን፣ የሰልፉን ስፋትና ጥልቀት፣ ፈረስ በደቂቃ የሚሄደውን ርቀት በአንድ ልክ አስቀምጦ ሲያይ ነው። ለዚህ ከአሸዋ ገበታ የተሻለ ነገር የለም።

ለመጀመሪያ ሥራ ካምፓልዲኖን ምረጡ። ውጊያው የተደረገው ቅዳሜ ሰኔ 11 ቀን 1289 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 17 ቀን 1281፣ የይኩኖ አምላክ ልጅ ይግባ ጽዮን በነገሠበት ዘመን መሆኑ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ አሸዋውን መቅረጽ አያስቸግርም። ውጊያው በአንድ ቀን አልቋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከፍሎረንስ የከተማ ሹማምንት አንዱ የነበረው ዲኖ ኮምፓኚ የጻፈው ዜና መዋዕል የሰልፉን አቀማመጥ፣ የአዛዦቹን ምክርና የሜዳውን አቧራ ሳይቀር ይነግረናል።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ፍሎረንስና አጋሮቿ ጉዌልፎች፣ አሬዞና ወገኖቿ ጊቤሊኖች ይባሉ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ከሮማው ፓፓ፣ ሁለተኞቹ ከጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ጎን መሆናቸው ቢነገርም፣ መሬት ላይ ያለው ጠብ የጎረቤት ከተሞች የመንገድ፣ የግንብና የእህል ጠብ ነበር። የፍሎረንስ ጦር በታወቀው የአርኖ ሸለቆ መንገድ ይመጣል ሲባል በኮንሱማ ተራራ መተላለፊያ ዞሮ ወደ ካዜንቲኖ ሸለቆ ወረደ። እዚያ ያለው ርስት የአሬዞው ጳጳስ የጉሊየልሚኖ ዴሊ ኡቤርቲኒና የጊቤሊን መኳንንት ነበር። ጦሩ ሰብሉንና መንደሩን እንዳያጠፋባቸው አሬዞዎች ፈጥነው ወጥተው መግጠም ነበረባቸው። ይህን ያዙ፤ በኋላ የጨዋታው ሕግ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ገበታው

ልኩ አንድ ሴንቲ ሜትር ለ10 ሜትር ይሁን። 120 በ80 ሴ.ሜ. የሆነ ገበታ 1,200 በ800 ሜትር ሜዳ ይይዛል፤ ለካምፓልዲኖ በቂ ነው። ወለሉ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ዙሪያው 10 ሴ.ሜ. ከፍታ ያለው ጣውላ ይሁን፤ ከሥር ሦስት ሞራሌ በአግድም ምቱበት። ቀጭን ኮምፔንሳቶ ከገዛችሁ መሐሉ ይረግባል፤ አሸዋውም ወደ መሐል እየወረደ ዳር ዳሩን ይሰነጥቀዋል። ውስጡን ወፍራም ላስቲክ አልብሱት፤ ካልሆነ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ንብር ንብሩ ይላቀቃል።

አሸዋው 6 ሴ.ሜ. ጥልቀት ሲኖረው 58 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ሙሉ ማለት ነው። ክብደቱ ወደ 90 ኪሎ ስለሚጠጋ ገበታውን መጀመሪያ ቦታው ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ሙሉት። ከሞላ በኋላ አንስቶ መውሰድ ወይ ጣውላውን ይነቅላል ወይ ሰው ይጎዳል።

ለልስን የሚውለውን ደቃቅ አሸዋ ውሰዱና ንፉት። በባሕር ዳር ዙሪያ በቀላሉ የሚገኘው ዋልካ አፈር አይሆንም፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ሰልፉን ሁሉ ይበታትነዋል። ከሐይቁ ዳር የሚወጣው ጭቃም ሥራሥርና ብስባሽ ስላለበት በክፍል ውስጥ ይሸታል። የተነፋው አሸዋ ላይ 3 ሊትር ውኃ እያርከፈከፋችሁ በእጅ ገለባብጡት፤ በላስቲክ ሸፍናችሁ አሳድሩት። በማግስቱ እፍኝ አሸዋ ጨብጡ፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ይዞ ከቆየና መዳፋችሁን ካላረጠበው ልክ ነው። ውኃ ከበዛ ካርቶኖቹ ይርሳሉ፤ ካነሰ የወንዙ ዳር ይናዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ላይኛው ገጽ ከረፋድ በፊት ስለሚደርቅ በመርጫ ዕቃ ግማሽ ሊትር ውኃ አዘጋጁና በየሰዓቱ ስስ አድርጋችሁ ንፉበት። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ቀላል ካርቶን ስለሚያነሣ በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ።

መሬቱ

ሰልፎቹ ረጅሙን ጎን ይዘው ይፋጠጡ። የፍሎረንስ ጦር የሚቆምበት ረጅም ጠርዝ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ ከኮንሱማ የወረዱት ከዚያ ነው። ትይዩው ጠርዝ ወደ ቢቢየና ከተማ የሚያወጣው የአሬዞዎች በኩል ነው። የአርኖ ወንዝ በፍሎረንሶች ቀኝ እጅ፣ አጭሩን ጠርዝ ተከትሎ ይሂድ፤ ስፋቱ ከ3 ሴ.ሜ. አይብለጥ። ሰማያዊ ፌስታል በስሱ ቆርጣችሁ አንጥፉና ዳርና ዳሩን በአሸዋ ተጫኑት። በግራ በኩል መሬቱ ቀስ እያለ 2 ሴ.ሜ. ከፍ ይበል፤ እውነተኛው ከፍታ 20 ሜትር መሆኑ ነው። ከዚህ በላይ አትከምሩ። ገበታ የሚሠራ ሰው ሁሉ እጁ ወደ ኮረብታ መሥራት ያዘነብላል፤ የካምፓልዲኖ ምስጢር ግን ማንም ሊደበቅበት የማይችል ሜዳ መሆኑ ነው። ኮረብታ ላይ ያለውን የፖፒ ከተማ ከገበታው ውጭ ተዉት። በሜዳው ዳር የባቄላ ፍሬ የምታህል እንጨት አስቀምጡ፤ የቼርቶሞንዶ ገዳም ናት፤ ጳጳሱ በኋላ የተቀበረው እዚያ ነው።

ወታደሮቹ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው አሻንጉሊት ፈረስ ይደረድርና ሰልፉ ከሜዳው ሲበልጥበት ልኩን ይጥላል። እኛ የምንጠቀመው ሰልፉ በእውነት የሚይዘውን ቦታ የሚያሳይ ቁራጭ ካርቶን ነው።

አንድ ፈረሰኛ በሰልፍ ሲቆም ወደ ጎን 1.5 ሜትር ያህል ይይዛል። 50 ፈረሰኛ በሁለት ረድፍ ሲቆም 37.5 ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ከፈረሱ ርዝመትና ከመሐል ክፍተቱ ጋር 10 ሜትር ግድም ነው። ስለዚህ የፈረሰኛ ካርቶን 4 በ1 ሴ.ሜ. ይሁን። እግረኛ በአንድ ሜትር አንድ ሰው ብለን፣ 500 ሰው በ10 ረድፍ ሲሰለፍ 50 ሜትር በ10 ሜትር ይሆናል፤ ካርቶኑ 5 በ1 ሴ.ሜ.።

በተለምዶ በሚሰጠው ግምት ፍሎረንስና አጋሮቿ 1,600 ያህል ፈረሰኛና 10,000 እግረኛ ነበራቸው፤ አሬዞ 800 ፈረሰኛና 8,000 እግረኛ። በካርቶን ሲቆጠር ለፍሎረንስ 32 የፈረሰኛና 20 የእግረኛ፣ ለአሬዞ 16 የፈረሰኛና 16 የእግረኛ ይመጣል። የአሬዞን በከሰል አጥቁሩ። ሁሉንም ከሥራቸው ሁለት ሁለት ጠጠር በሙጫ አጣብቁባቸው፤ አሸዋው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ነፋስም አያነሣቸውም።

የፍሎረንስ እግረኞች ፊት ትልልቅ ጋሻዎች ተደርድረው ነበር፤ ነጭ መደብ ላይ ቀይ አበባ የተሣለባቸው። ዲኖ ኮምፓኚ እንደሚተርከው ዓይኑ ሩቅ የማያየው የአሬዞ ጳጳስ ያን ነጭ መስመር አይቶ «እነዚያ የምን ግንቦች ናቸው?» ብሎ ጠየቀ፤ የጠላት ጋሻዎች ናቸው አሉት። ይህን ግንብ ለመሥራት ደንገል የሚስተካከለው የለም። ታንኳ ከሚሠሩት ሰዎች አንድ ወፍራም ደንገል ውሰዱ፤ አረንጓዴ ቆዳውን በምላጭ ግፈፉትና ነጩን እምብርት በቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት እያላችሁ ሰንጥቁት። ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ 5 ሴ.ሜ. የምትፈልጉትን 6 አድርጋችሁ ቁረጡ። በፀሐይ ከደረቀ ይጠማዘዛል፤ ጥላ ሥር በሁለት ጣውላ መሐል ተጭኖ ሁለት ቀን ይቆይ። ቀዩን አበባ ከደረቀ በኋላ በእስክሪብቶ ንኩበት፤ እርጥቡ ላይ ከሆነ ቀለሙ ይሰራጫል። ስምንት ቁራጭ ይበቃል።

አሰላለፍ

መለኪያው ሁሉ ከፍሎረንስ ጠርዝ ይነሣ። 3 ሴ.ሜ. ላይ የጓዝ ጋሪዎችን ደርድሩ፤ የክብሪት እንጨት ይሆናል። ጋሪዎቹ እዚያ የቆሙት ለስንቅ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጦር ወደ ኋላ ሲገፋ ተደግፎ እንዲቆም ነው። 6 ሴ.ሜ. ላይ አራት የእግረኛ ካርቶን። በ12፣ በ15 እና በ18 ሴ.ሜ. ላይ ዋናው ፈረሰኛ በሦስት መስመር፤ ከኋላ 8፣ ከመሐል 8፣ ከፊት 9 ካርቶን። ከእነሱ ፊት 23 ሴ.ሜ. ላይ ሦስት ካርቶን ብቻ፤ የመጀመሪያውን ግጭት እንዲቀበሉ የተመረጡት 150 ናቸው፣ የፊታውራሪ ጦር። ቪየሪ ዴ ቼርኪ ከእነሱ ጋር ነበር፤ በኋላ ታላቅ ገጣሚ የሆነው የ24 ዓመቱ ወጣት ዳንቴ አሊጊየሪም በዚያ ቀን ከፈረሰኞቹ ጋር ተሰልፏል።

በቀኝና በግራ ክንፍ ስምንት ስምንት የእግረኛ ካርቶን፣ በሁለት ረድፍ አራት አራት፣ ከመሐሉ ትንሽ ቀደም ብለው ይቁሙ። የደንገል ጋሻዎቹ ከፊታቸው፣ በቃታ የሚለቀቅ ቀስት የያዙት ተኳሾች ከጋሻው ኋላ። በመጨረሻ ኮርሶ ዶናቲ ከፒስቶያና ከሉካ ሰዎች ጋር የመራው 200 ፈረሰኛ ደጀን አራት ካርቶን ነው፤ በገበታችን ላይ ወንዝ በሌለበት በግራ ክንፍ ኋላ 12 ሴ.ሜ. ላይ አቁሙት፤ ለሩጫ ቦታ አለው።

አሬዞዎች፦ 55 ሴ.ሜ. ላይ ስድስት የፈረሰኛ ካርቶን፣ 59 ላይ ሰባት፤ 63 እና 66 ላይ ስምንት ስምንት እግረኛ። 75 ላይ፣ ወደ አንድ ጎን፣ የቆንት ጉይዶ ኖቬሎ 150 ፈረሰኛ ደጀን፣ ሦስት ካርቶን።

አሁን ቆም ብላችሁ ከላይ እዩት። የፍሎረንስ ፊት 76 ሴ.ሜ. ነው፤ የአሬዞ የመጀመሪያ መስመር 24። አሬዞዎች ከጠላት ግማሽ የሆነ ፈረሰኛ ይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰቡት፦ መሐሉን በአንድ ምት ሰብሮ ማለፍ። ተማሪዎች የ760 ሜትርን ትርጉም እንዲያውቁ ከክፍል ውጡና ዘንባባ በተተከለበት መንገድ ዳር አርባ ሰው በአንድ አንድ ሜትር አቁሙ፤ የፍሎረንስን ፊት ለመሙላት እንዲህ ያለ አሥራ ዘጠኝ መስመር ያስፈልጋል። በአንደኛው ጫፍ የቆመ አዛዥ ድምፁ ሌላው ጫፍ እንደማይደርስ ያኔ ይገባቸዋል።

ማስኬጃው

ጦሮቹ እስኪጋጠሙ እያንዳንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ነው። ፈረስ በእርምጃ 10 ሴ.ሜ.፣ በሶምሶማ 20 ሴ.ሜ. ይሄዳል፤ ሙሉ ግልቢያ የሚፈቀደው በመጨረሻው 8 ሴ.ሜ. ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የጋለበ ሰልፍ ተበትኖና ደክሞ ነው የሚደርሰው። እግረኛ ሰልፉን ሳያፈርስ 6 ሴ.ሜ.። የቀስቱ ውጤታማ ርቀት 10 ሴ.ሜ. ይሁን፤ አንድ ተኳሽ በደቂቃ ሁለት ያህል ጊዜ ብቻ ነው የሚለቀው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ራሱ ይወጣል። የአሬዞ ፈረሰኞች በሁለት ዙር የፍሎረንስን ግንባር ይመታሉ፤ እግረኞቻቸው ለመድረስ ሰባት ዙር ይፈጅባቸዋል። አምስት ደቂቃ ያህል ፈረሰኛው ብቻውን ነው።

ከተጋጠሙ በኋላ አንድ ዙር አምስት ደቂቃ ይሁን። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ዳይስ ይጥላል፣ ነጥብ ይጨምራል፤ በልዩነቱ ልክ፣ ለአንድ ነጥብ 2 ሴ.ሜ.፣ የተሸነፈው ወደ ኋላ ይገፋል። አሬዞ በመጀመሪያው ዙር ለግጭቱ ኃይል 4 ይጨምራል፣ በሁለተኛው 1፣ ከዚያ ምንም። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ እግረኞቹ ሲደርሱ 2 ይጨምራል፤ በእርግጥም በውጊያው ቢላዋ ይዘው በፈረሶቹ ሆድ ሥር እየተሳቡ ይዘነጥሏቸው ነበር። ፍሎረንስ ዋናው ፈረሰኛ ከኋላ ቆሞ እስካለ 1፣ ጋሪዎቹ እስካሉ 1 ይጨምራል። መሐሉ 4 ሴ.ሜ. ከተገፋ በኋላ ሁለቱ ክንፎች ወደ ውስጥ ዞረው ከጎን መተኮስ ይችላሉ፤ ለእያንዳንዱ ክንፍ 1። ኮርሶ ከጎን ሲመታ 3 ይጨምራል፣ የአሬዞ እግረኞች 2 ነጥብም ይጠፋል። ፍሎረንሶች 20 ሴ.ሜ. ተገፍተው ጋሪዎቹ ላይ ከደረሱ ተሸንፈዋል። አሬዞዎች ከጎን እየተመቱ በ4 ወይም ከዚያ በላይ ከተበለጡ ሰልፋቸው ይፈርሳል።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። ፍሎረንስ ግጭቱን ቆማ ትቀበል። የሳን ሚኒያቶው ባሮኔ ዴ ማንጃዶሪ ለጦሩ የሰጠው ምክር ይህ ነበር፦ የቶስካና ጦርነት ድሮ በደንብ ያጠቃ ያሸንፈው ነበር፣ አሁን ግን የሚያሸንፈው ጸንቶ የቆመ ነው፤ ስለዚህ ጽኑ፣ እነሱ ይምጡ። የፍሎረንስ ተጫዋች ትዕግሥት አጥቶ ዋናውን ፈረሰኛ ወደ ፊት ካንቀሳቀሰ የዋናው ጦርና የጋሪዎቹ ሁለት ነጥብ ይቀርበት። አንድ ጊዜ እንዲህ ይሞክሩትና ውጤቱን ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩት፤ ስለ ምክሩ ከሚሰጥ ማብራሪያ የበለጠ ያስተምራል።

የሚበላሸው የት ነው

የመጀመሪያው ችግር የአሬዞ ተጫዋች ነው። መሸነፉን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አልንቀሳቀስም ይላል። አሬዞ በአምስት ዙር ውስጥ ካላጠቃች ሸለቆው ተቃጥሎ ተሸንፋለች ብላችሁ ደንግጉ፤ ጳጳሱን የገፋው ጭንቀት ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ሁሉም ሰው ሁሉንም ማየቱ ነው። በዚያ ቀን ሰማዩ ደመና፣ ሜዳው ከባድ አቧራ ነበር። አዛዦቹን ከገበታው ራቅ አድርጋችሁ ጀርባቸውን ሰጥተው ያስቀምጧቸው፤ ትእዛዝ በወረቀት ይላክ፣ ወረቀቱም የሚሠራው አንድ ዙር ዘግይቶ ይሁን። ይህ ሳይደረግ የተጫወተ ክፍል ስለ ካምፓልዲኖ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ኮርሶ ነው። እንዳይንቀሳቀስ በሞት ቅጣት ታዝዞ ነበር፤ የመሐሉን መገፋት ባየ ጊዜ ግን ትእዛዙን ጥሶ ከጎን ገባ። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ በመጀመሪያው ዙር ይለቁታል። ያኔ የአሬዞ ፈረሰኛ ገና በመሐሉ ስላልተጠመደ ዞሮ ይቀበለዋል፣ የጉይዶ ኖቬሎም ደጀን ይደርስበታል። ዘግይቶ ከተለቀቀ ደግሞ የሚያድነው መሐል አይኖርም። በገበታው ላይ ጥሩው ጊዜ መሐሉ ከ8 እስከ 12 ሴ.ሜ. ሲገፋና የአሬዞ እግረኛ ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ ነው።

ጉይዶ ኖቬሎን በሁለት መንገድ አስኪዱት። መጀመሪያ እንደ ታሪኩ፦ ሳይገጥም ከሜዳው ይሽሽ። ቀጥሎ ለተጫዋቹ ፈቃድ ስጡት፤ ሦስቱን ካርቶን ኮርሶ ላይ ካሰለፈ የኮርሶ 3 ነጥብ ይሰረዝ። በሁለቱ መሐል ያለውን ልዩነት ተማሪዎች ይጻፉት፤ የክርክሩ ዋና ርእስ እዚህ ነው። በእኛ ግምት ውጊያውን ያስወሰነው የኮርሶ ድፍረት ብቻ አይደለም፤ በአንድ በኩል ደጀን ሲገባ በሌላው በኩል ደጀን መሸሹ ነው።

ሲያልቅ የጠፋውን አስቡ። የፍሎረንሱ ታሪክ ጸሐፊ ጆቫኒ ቪላኒ ከአሬዞ በኩል ከ1,700 በላይ ሞቱ፣ ከ2,000 በላይ ተማረኩ ይላል። ጳጳሱ ሜዳው ላይ ወደቀ። የአሬዞን ፈረሰኛ ከመሩት አንዱ የሆነው ቦንኮንቴ ዳ ሞንቴፌልትሮ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ዳንቴ በኋላ በግጥሙ ጉሮሮውን ተወግቶ አርኪያኖ ወንዝ ከአርኖ ጋር እስከሚገናኝበት እንደ ሸሸ ይነግረናል። ያ ቦታ ከገበታው ውጭ፣ ወደ ቢቢየና በኩል ነው፤ ለማስገባት ብላችሁ ልኩን አታጥቡት።

ከካምፓልዲኖ ቀጥሎ

ገበታው ሳይፈርስ ወደ አንጊያሪ ውጊያ መሄድ ይቻላል። ሰኔ 29 ቀን 1440 እ.ኤ.አ. የሚላኑ ኒኮሎ ፒቺኒኖ ከሳንሴፖልክሮ ተነሥቶ በሙቀት ሲመጣ፣ የፍሎረንስን ወገን ጦር ከመሩት አንዱ የሆነው ሚኬሌቶ አቴንዶሎ በመንገዱ ላይ የተነሣውን አቧራ አይቶ ድልድዩን ያዘ። መሐል ላይ አንድ ቦይ ቆፍሩ፣ ድልድዩን 1 ሴ.ሜ. አድርጉት፤ አንድ የፈረሰኛ ካርቶን እንኳ በሙሉ ስፋቱ ማለፍ አይችልም። ውጊያው ሁሉ እዚያ ይታያል።

ውኃ ለለመደ የጣና ዳር ክበብ ደግሞ ኪዮጃ አለ። ቬኒስና ጄኖዋ በ1379 እና 1380 እ.ኤ.አ. የተናነቁበት ነው። ጄኖዋዎች በቬኒስ አጠገብ ያለችውን የኪዮጃን ከተማ ይዘው ሳለ ቬኒሶች ድንጋይ የሞሉ መርከቦችን በመግቢያ ቦዮቹ ላይ አስጥመው ዘጉባቸው፤ ጥር 1 ቀን 1380 እ.ኤ.አ. የቬኒሱ አዛዥ የካርሎ ዜኖ መርከቦች ደረሱ፤ በሰኔ የተከበቡት እጃቸውን ሰጡ። ለዚህ አሸዋውን ግማሹን አውጡ፣ ላስቲኩ አለመቀደዱን መርምሩ፣ ውኃው በሜዳማው ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ በቦዮቹ ላይ 3 ሴ.ሜ. ይሁን። መርከቦቹ ከደረቅ ደንገል ይሠሩ፤ ተንሳፍፈው በቦዮቹ ብቻ እንዲያልፉ ከሥራቸው 1 ሴ.ሜ. ወደ ታች የሚወርድ የላሜራ ቁራጭ ሰኩባቸው። በጥልቁ ይሄዳሉ፣ ከቦዩ ሲወጡ ይቀረቀራሉ።